የበረዶ ለኪው ልጅ

ካርድላ ከተማ፣ ሂዩማ ደሴት ላይ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ኮከብ የለም ሰማይ።
አንድ መስኮት ብቻ ብርሃን ቀርቶበታል፤
ቪርቬ ተቀምጣ፣ ስክሪኑ ፊቷን አጥቦታል።
እኔ ከጎኗ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩኝ ሦስተኛ ሳምንቴ፣
ለመቸኮል እንጂ ለመጠበቅ ያልተፈጠረ አንጀቴ።

ደመና ይሉታል፤ ዝናብ የማያውቀው፣
ፊንላንድ ጓዳ ውስጥ ብረት የሚያሞቀው።
የጀልባው ቲኬት፣ የመኪናው ተራ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣
ሁሉም በዚያ ታስሯል፣ ክር በክር ተቋጥሮ።
ሦስት አምሳያ ሰርቨር ሸክሙን ይጋራሉ፤
አንዱ ሲያርፍ ሁለቱ ያለ ወሬ ያድራሉ።

ዛሬ አሮጌው ስሪት በአዲስ ይተካል።
ትእዛዙ አጭር ነው፤ አንድ ጣት ይበቃል።
"ሦስቱንም ባንዴ" አልኳት፤ "ማሽኑ ነው የሚለፋ፤
እኛ ምን ቤት ነን? ሌሊቱ በከንቱ አይጥፋ።"

ዝም አለች።
ከመደርደሪያው በላይ፣ በሚስማር የተሰቀለ፣
እጀታው በመዳፍ የሟሸ፣ ጫፉ ዝገት የበቀለ፣
የአባቷ መሰርሰሪያ አለ።

"ብርዱ ብርድ ሳለ፣ ባሕሩ ሲጋገር፣
አባቴ ነበረ ቀድሞ የሚሻገር።
መቶ እርምጃ ይሄዳል፤ ቆሞ ይሰረስራል፤
ውፍረቱን ይለካል፤ በደብተር ያሰፍራል፤
የጥድ ቅርንጫፍ ተክሎ ደግሞ መቶ ይቆጥራል።
ከዚያ አንድ መኪና፣ አንድ ብቻ፣ ይለቃል፤
ጆሮውን በረዶው ላይ ጥሎ ይጠብቃል።
ቀበቶ መታሰር፣ በር መቆለፍ ነውር፤
መመለሻውን ሳያይ የሚሄድ ሰው ዕውር።"

የገባኝ መሰለኝ። አልገባኝም ነበር።
አሮጌውን ስሪት አኖረችው በክብር፣
እንዳልተቀረቀረ በር።

አንደኛውን አሳርፋ፣ አዲሱን አለበሰችው፤
አረንጓዴ በራ፤ አሁንም ጠበቀችው።
ሁለተኛው ቀይ።
ደግሞ ተነሣ። ቀይ።
ዳታቤዙን ይጣራል፣ በማያውቀው ስም፣
ደጋግሞ ይጣራል፤ አቤት የሚል የለም።

እጄ በላብ ራሰ።
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ናት የመጀመሪያዋ ጀልባ፤
ወተት ጫኙ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሁሉም በሷ ሊገባ።

ቪርቬ አልደነገጠችም። መለሰችው ወደ ኋላ፤
አሮጌው ነቅቶ ሥራውን ቀጠለ፣ ያለ ሌላ መላ።
ከዚያ የዚያን ሰርቨር የቅንብር ፋይል ከፍታ ስታነብ፣
እንደ ውል፣ እንደ ኑዛዜ፣ ነጥብ በነጥብ፣
አገኘቻት።
አንዲት መስመር፣ ሁለት ባዶ ቦታ ወደ ውስጥ ገብታ፣
ከገዛ ቤቷ ወጥታ ከጎረቤት ተጠግታ።

ማሽን ሰምና ወርቅ የለው፤ እንዳሉት ይሄዳል፤
ባዶ ቦታም ቃል ነው፤ ባዶውን ይወስዳል።

ማን ጻፋት? አላለችም። ስሜ ግን ከጎኗ አለ፤
ማክሰኞ፣ ስድስት ተኩል፣ ምሳ ሆዴን እያታለለ።

ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችው።
ሁለት ባዶ አጠፋሁ።
ባዶ ማጥፋት እንዲህ እንደሚከብድ ማን ነግሮኝ!

አረንጓዴ።
ጠበቅን፤ እኔም ጭምር፣ ሳልነጫነጭ ጠበቅሁ።
ሦስተኛው። አረንጓዴ።
ያን ጊዜ ገና ተመለሰ ሆዴ።

ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባዋ ጮኸ፤ ወተት ጫኙ ገባ፤
ነፍሰ ጡሯ በመስኮት በኩል ፎጣዋን አንጠልጥላ ገባች፤
ቲኬታቸው ጮክ ብሎ "ጢክ" አለ፣ እንደ ትናንቱ፣ እንደ አምናው።
ማን ምን እንደተለወጠ ያውቃል? ማንም። ደግ።

ባሕሩ ዘንድሮም አልጋገረም፤ ጥቁር ነው፣ ይተነፍሳል።
የበረዶው መንገድ ከተከፈተ ስንት ዓመቱ!
መሰርሰሪያው ግን ሚስማሩ ላይ፣ ዘይት ተቀብቶ።

"ታኔል፣ ጥድ ትከልበት" አለችኝ፣ ኮቷን እየደረበች።
ምን ማለቷ እንደሆነ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የገባኝ።
ከመስመሯ በላይ፣ ማሽኑ አልፏት የሚሄድ፣
ከኋላዬ ለሚመጣ ሰው ብቻ የምትታይ ማስታወሻ ጻፍኩ፦

እዚህ ጋ በረዶው ስስ ነው።